ካርድ ለቤት ሰው አይሠራም

ይሄን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አልመከረኝም። በገዛ አፌ አወጣሁት፣ በገዛ አፌ አጸደቅሁት፤ ከዚያ በኋላ በቤቴ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የሚያከብረው ሰው አልነበረም። ከዳኛዋ በቀር።

ዳኛዋ የወንድሜ ልጅ ናት። ስም አላት፤ ግን ገና ሕፃን ሳለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ይሄ ትክክል አይደለም» ማለት ስለጀመረች ዳኛዋ አልኳት፣ በዚያው ቀረ። ታናሽ ወንድሟን ደግሞ ሙጫ እለዋለሁ፤ ሲያቆላምጡት ሙጬ። ቀሚሴን አንዴ ከያዘ የሚያላቅቀው ኃይል የለም። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ቤቴ ነው። ሙጬ ማሽኑ ሥር ገብቶ፣ ፔዳሉን የሚረግጠውን እግሬን አቅፎ፣ እንደዚያው እንዳለ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። እንዳይነቃ ብዬ ቀስ እያልኩ ስረግጥ ስንቱን መጋረጃ አዘግይቼ ከስንቱ ደንበኛ ተጣልቻለሁ! ያ እግሬ አሁን ይበርደኛል። ካልሲ ደርቤ አየሁት፤ ያው ነው።

እናታቸው ሙጬን ወልዳ ብዙም አልቆየች። ወንድሜ ያኔ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ ዛሬ እዚህ፣ ነገ የት እንዳለ የማይታወቅ። ሕፃኑን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ልጅቷን በእጁ ይዞ መጣና «እታለም፣ እስክደራጅ ድረስ ነው» አለኝ። እታለም የሚለኝ ታላቅ እህቱ ስለሆንኩ ነው፤ ልጆቹም ከእሱ አፍ ሰምተው እታለም አሉኝ። እሱ እስኪደራጅ ሙጬ ጥርስ አወጣ፣ ዳዴ አለ፣ ሮጠ፣ ተማሪ ቤት ገባ። እኔማ «እስክደራጅ» የምትለዋን ቃል ጭራሽ ረስቻት ነበር። ለካ እሱ አልረሳትም።

ወደ ሕጉ ልመለስ። በየዓመቱ በዓል ሲቃረብ ካርድ እንሠራለን፤ ዓመቱን ሙሉ ደግ ለዋሉልን ሰዎች። ሰው ውለታ ውሎልኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ ያንገበግበኛል። ወፍራም ወረቀት አጥፌ እቆርጥና፣ ማሽኑን ያለ ክር አስነስቼ ዳር ዳሩን በባዶ መርፌ እወጋዋለሁ። ቀዳዳው በመስመር ተሰድሮ ይወጣል። ልጆቹ በዚያ ቀዳዳ ባለቀለም ክር በእጃቸው እያሾለኩ ይሰፉታል። ከዚያ ከመጋረጃ የተረፈ ቁርጥራጭ፣ ዳንቴል፣ የልብስ ቁልፍ ይለጠፍበታል። ማጣበቂያውን ከዱቄትና ከውኃ እኔው እሳት ላይ አበስለዋለሁ፤ ሙጫ ሙጫውን ያማስላል፣ ግማሹን ፀጉሩ ላይ ያደርገዋል። ውስጡ የሚጻፈው ሁልጊዜም አንድ ነው፤ ያስጻፍኳቸው እኔ ነኝ። «ስለ ደግነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። መልካም በዓል።» አለቀ። ምስጋና ሲረዝም ልመና ይመስላል ብዬ ሌላ ቃል እንዳይጨምሩ ከልክያለሁ።

ሕጉ የወጣው የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ዳኛዋ ፊደል እንኳን በቅጡ ሳትለይ አንዲት ካርድ ደብቃ ሠርታ አመጣችልኝ። እኔ ደግሞ ሆዴ ሲባባ ቁጣ ይቀድመኛል፤ አፈጣጠሬ ነው። «ለእኔ? እኔ ጎረቤትሽ ነኝ? መድኃኒት ሻጭ ነኝ? ስሚ፣ ካርድ ለቤት ሰው አይሠራም! ካርድ ለውጭ ሰው ነው። የቤት ሰው ይወደዳል፣ ይነዘነዛል፣ ይኮረፋል፤ አይመሰገንም!» አልኳት። ከዚያ እቅፍ አድርጌ አገላብጬ ሳምኳት። ዳኛዋ ነገሩን አሰበችበት፣ አሰበችበትና «ትክክል ነው» አለች። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማን የቤት ሰው፣ ማን የውጭ ሰው እንደሆነ የምትፈርደው እሷ ሆነች።

በመጨረሻ ወንድሜ ተደራጀ። ረጅም መንገዱን ትቶ እዚሁ ከተማ መጋዘን ውስጥ ሥራ ያዘ፣ ለልጆች የሚሆን ክፍል ያለው ቤት ተከራየ፣ ሚስት አገባ። ሚስትየው ላይ እንከን ፍለጋ ያልቆፈርኩበት ቦታ የለም። የለባትም! ዝምተኛ ናት፤ ልጆቹ ሲያወሩ ቁጢጥ ብላ ዓይን ዓይናቸውን እያየች ነው የምትሰማቸው። እኔ ቤት መጥታ እንኳን የበላችበትን ሳህን ሳታጥብ አትሄድም። እንዲህ ዓይነቷን ሰው መጥላት ምን ያህል እንደሚያደክም አይጣል ነው።

አንድ ቀን ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ብቻውን መጣ። «ልጆቼን ልወስድ ነው» ቢለኝ ኖሮ በተገላገልኩ፤ መጣላት እችልበታለሁ። እሱ ግን ሻዩን እያማሰለ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እታለም፣ እነሱ ይምረጡ» አለ። «አንቺ ጋ መሆን ከፈለጉ እንደ እስከዛሬው እየመጣሁ አያቸዋለሁ። እኔ ጋ ካሉ ግን እወስዳቸዋለሁ። ሁለቱን መለየት አይሆንም። ትልቋ ትወስን፤ ትንሹ እንደሆነ እሷ ያለችውን ነው።»

«መቼ?» አልኩት።

«ነግሬያታለሁ። ታስብበት። የበዓሉ ዋዜማ እመጣለሁ።»

«ይምረጡ» አልኩ እኔም። አፌን በቆረጠው!

ከዚያ በኋላ ሰው አልነበርኩም። የሰፋሁትን መልሼ እፈታለሁ። ሙጬ «እታለም ምን ሆነሻል?» ሲለኝ «ዓይኔን ክር ነክቶኝ ነው» እላለሁ። ልጅቷን ላልጠይቃት ግን ማልኩ። ልጅን አባትሽ ወይስ እኔ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይልቅስ ዓይኗን እከተላለሁ። አባቷ ሲመጣ ደስ ካላት ሆዴ ይቃጠላል፤ ሲሄድ ካልከፋት እንደገና ነፍስ እዘራለሁ። በልጅ ፊት ላይ ፍርዴን ሳነብ መዋል፣ ይሄ ኑሮ ነው?

በዓሉ ሲቃረብ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ እንደ ወትሯችን ጠረጴዛውን አጽድተን ተቀመጥን። ሙጬ ማጣበቂያውን ያማስላል። ዳኛዋ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታለች፤ እኔ ጠመኔዬን እንደማደርገው።

«እህ፣ ዘንድሮ ለማን ለማን ነው?» አልኩ።

«ለፋርማሲስቷ። ሙጬን ያተኮሰው ጊዜ ዘግታ ልትሄድ ስትል መልሳ ከፍታልናለች።»

«ይገባታል።»

«ለትምህርት ቤት አውቶቡሱ ሾፌር። ሳረፍድ ይጠብቀኛል።»

«ጫማሽ በጠፋ ቁጥር በይ እንጂ።»

«ለፎቁ ጋሼ።» ጋሼ ከእኛ በላይ የሚኖሩ ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ሒሳብ ያስጠኗታል።

ሙጬ ማማሰያውን እንደያዘ ዞረና «ለአባዬስ?» አለ።

መቀሱ እጄ ላይ ቆመ። ካርድ፣ ለአባቱ! ዳኛዋን ሰርቄ አየኋት። አሁን «አይሆንም፣ አባዬ እኮ የቤት ሰው ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። አላለችም። እርሳሷን ከጆሮዋ አውጥታ ጠረጴዛውን ቆርቆር ቆርቆር አደረገችና «አንድ ትርፍ እንሥራ» አለች።

በቃ! ሰማሁ እኮ፣ በጆሮዬ ሰማሁ። ካርድ የሚሠራለት ሰው የውጭ ሰው ነው፤ ዳኛዋ በዚህ ቀልድ አታውቅም። አልሄድም ማለቷ ነው። ትርፉ የማን እንደሆነ መጠየቅ እንኳን አልታየኝም። ምን ይጠየቃል? ሙጬ በግልጽ ተናገረ አይደል!

ደስታዬን የት ላድርሰው! ብድግ አልኩና ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የቆርቆሮ ሳጥኔን አወጣሁ። የእናቴ ካፖርት ቁልፎች አሉበት። ካፖርቱ ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ቁልፎቹ ግን ዛሬም ያብለጨልጫሉ። ዳኛዋ ስትለምነኝ፣ እኔ «ንኪያቸውና ጉድሽ ይፈላል» ስላት የኖርኩ ናቸው። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኳቸው።

«እንኩ፣ ለትርፉ ካርድ ይሁኑ።»

ዳኛዋ ቁልፎቹን አየች፣ እኔን አየች። «እርግጠኛ ነሽ? ትወጃቸው የለም እንዴ?»

«ምን ይሠሩልኛል! ለጥፉ!»

ሙጬ መኪና ይሁን ብሎ ነበር፤ ጎማዎቹ ቁልፍ ሆነው። ዳኛዋ እምቢ አለች። «መስኮት ነው የሚሆነው» አለች። መስኮት ቆረጠች፤ ከግራና ከቀኝ ከሰማያዊ ቁርጥራጭ መጋረጃ አደረገችለት። ዝም ብሎ የተለጠፈ እንዳይመስላችሁ፤ ጫፉን አጥፋ ቀምቅማዋለች፣ ላይኛውን ክር አሹልካበታለች፣ ሲስቡት ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሙጬ መክፈትና መዝጋቱን ሲያይ መኪናውን ረሳው። የእናቴ ቁልፎች ከመስኮቱ ሥር አበባ ሆኑ። እኔ ደግሞ ደንቆሮዋ፣ ዕድሜዬን መጋረጃ ስሰፋ የኖርኩት ሴትዮ፣ «የአባቷ አዲሱ ቤት መስኮት መሆኑ ነው» ብዬ በልቤ ተረጎምኩት።

ውስጡን ልትጽፍ ስትል እንደ ልማዴ ልይ ብዬ ጠጋ አልኩ። ካርዱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ይሄን አላሳይም። ለዋዜማው ነው» አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። ለአባቷ አዝና ነው ብዬ እኔም አዘንኩለት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለወንድሜ ከልቤ አዘንኩለት።

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ሦስቱን ካርድ ልናድል ወጣን። ልጆቹ በዚህ ጊዜ የሚጫወቱት ጨዋታ አላቸው። ካርድ የተሰጠው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለው፤ እነሱ ደግሞ እስኪለው ጠብቀው፣ ዞር ሲሉ እያስመሰሉ በሳቅ ይፈርሳሉ። ፋርማሲስቷ ካርዷን ከፍታ አነበበች፣ ጓንቷን አውልቃ ደረቷን ያዘች፣ «ኧረ እኔ ምን አድርጌ!» አለች። የአውቶቡሱ ሾፌር መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ተቀበለና «ኧረ እኔ ምን አድርጌ!» አለ። ሙጬ መንገዱን ሙሉ ደረቱን ይዞ፣ ድምፁን አቅጥኖ፣ «ኧረ እኔ ምን አድርጌ!» ሲል ሳልወድ አሳቀኝ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው። መጨረሻዬም እሱ ይመስለኛል።

ጋሼ ቤት ስንደርስ ልጆቹ ወደ መጽሐፍ መደርደሪያው ሄዱ። እኔ ጠጋ ብዬ «ልጆቹ አይሄዱም» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ነገረችሽ?»

«ካርዱ ነገረኝ። ለአባቷ ካርድ ሠርታለች።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። ሕጋችንን ያውቁታል፤ ያኔ ለእኔ ተሠርቶ የነበረውን የመጀመሪያውን ካርድ የሰጠነው ለእሳቸው ነው። «ለአባቴ ነው አለችሽ? በአፏ?»

«ሙጬ ብሏል።»

«ጠይቂያት እንጂ፣ እመቤት።»

«አልጠይቅም!» አልኩ። ቶሎ ተቆጣሁ። የያዝኩትን ደስታ ሊነጥቁኝ የመጡ መሰለኝ።

ደረጃውን ስንወርድ ሙጬ ቀድሞን እየዘለለ ሄደ። ዳኛዋ ከእኔ ጋር ቀረች፤ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ አንድ አንድ እያለች ትወርዳለች።

«እታለም።»

«ወዬ።»

«ሕጉ አይለወጥም?»

«የትኛው ሕግ?»

«የካርዱ። ለምሳሌ አንድ ሰው… የቤት ሰው ሆኖ፣ ግን ደግሞ ማመስገን ብትፈልጊ?»

አባቷን የውጭ ሰው ማድረጉ ከብዷት ነው አልኩ። ልቧ ሊመለስ ነው፣ ልታሻሽልለት ነው፣ ከዚያ ሐሳቧን ልትቀይር ነው! ፍርሃቴ መጣ፤ ሲመጣ ደግሞ እንደ ልማዱ ቁጣ ሆኖ መጣ።

«አይለወጥም!» አልኳት። «ሕግ ሕግ ነው። አንድ ሰው ወይ የቤት ሰው ነው፣ ወይ የውጭ ሰው ነው። መሃል የለም።»

«መሃል የለም?»

«የለም አልኩሽ!»

«እሺ» አለች። እስክንገባ ድረስ ደረጃውን ብቻ እያየች ወረደች።

ለዋዜማው ያልሆንኩት የለም። ለልጆቹ ክፍል አዲስ መጋረጃ ሰፍቼ ሰቀልኩ፤ ደንበኛ ጥሎት የሄደውን ምርጡን ጨርቅ ነው የቀደድኩት። ወለሉን ወለወልኩ፣ አንሶላ ቀየርኩ። ለወንድሜ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፦ አይክፋህ፣ ሁልጊዜ ና፣ ቤትህ ነው። እሱን የማጽናናው እኔ ነበርኩ እኮ! ለሚስቱ ሳይቀር የማዘን ፊት አዘጋጅቻለሁ።

መጡ። ተቀመጡ። ወንድሜ ጉልበቱን በሁለት እጁ ጨብጦ ይዟል፤ እንዴት እንደፈራ አየሁ። ሙጬ አላስቻለውም፤ ሮጦ ገባና ካርዱን ይዞ ብቅ አለ።

«አባዬ፣ አባዬ! ካርድ ሠርተንልሃል! መስኮቱ ይከፈታል!»

ዳኛዋ አባቱ ጋ ሳይደርስ ክንዱን ያዘችው። «ለአባዬ አይደለም።»

«ነው!»

«አይደለም ሙጬ። አባዬ ካርድ አይሰጠውም።»

የሙጬ ዕንባ መጣ። «ለምን?»

«የቤት ሰው ነዋ» አለች።

ወንድሜ ሕጋችንን አያውቅም። ፈገግ ብሎ ሚስቱን አየ። እኔ ግን ወንበሩን ያዝኩ። ዳኛዋ ካርዱን ከወንድሟ እጅ ተቀብላ ወደ እኔ መጣችና፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚሰጠው ብዬ እንዳስተማርኳት፣ በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

ሳልከፍተው ገባኝ። ከፈትኩት ግን፤ ምን ምርጫ አለኝ? «ስለ ደግነትዎ ከልብ እናመሰግናለን። መልካም በዓል።» ፊደሏ እንዴት ያምራል! አንድም ቃል አልጨመረችም። እኔ ምስጋና አይርዘም ብያታለሁ፤ እሷ ደግሞ ሕግ አክባሪ ናት። መስኮቱ የእኔ መስኮት፣ መጋረጃው የእኔ መጋረጃ፣ ቁልፎቹ የእናቴ። ሁሉንም አንድ ባንድ በገዛ እጄ አቀብያታለሁ።

«ስህተት አለው?» አለችኝ። ሁልጊዜ ካርድ ሳይላክ የማርመው እኔ ነኝና ቆማ ትጠብቃለች።

ፈለግሁ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዲት የጎደለች ፊደል ፈለግሁ። «የለውም» አልኳት።

«ጠይቄሽ ነበር» አለች፤ ከእኔ በቀር በማይሰማ ድምፅ። «መሃል የለም አልሽኝ።»

«አለ!» ብዬ መጮህ ነበረብኝ። ሕጉ ገደል ይግባ፣ ቀልዴን ነበር፣ አለ፣ መሃል አለ! ለምን አባትሽን መረጥሽ ልላት ዳዳኝና እሱንም ዋጥኩት። አባቷ ነው። አባቷን ለመፈለግ ምን ምክንያት ያስፈልጋታል?

«ወይ መታደል!» አለ ወንድሜ። ከደስታው ብዛት ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እታለም፣ ካርድ ሠሩልሽ እኮ! እኔ እንኳን የለኝም!» ሚስቱም ጠጋ ብላ ዝቅ አለችና ቁልፎቹን በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገቻቸው። «ሲያምሩ!» አለች። ከልቧ ነው። እሷ ሁሉንም ነገር ከልቧ ነው።

ሙጬ ዕንባውን ረስቶት ነበር። እንደ ወትሮው ቀሚሴን ጨብጦ፣ በሌላ እጁ አፉን ይዞ፣ ከሥር ወደ ላይ ያየኛል። ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። የሆነ ነገር ይጠብቃል።

«በይ እንጂ እታለም!» አለኝ።

«ምን ልበል፣ ሙጬ?»

«ታውቂዋለሽ! ካርድ ሲሰጣቸው ሁሉም ይላሉ እኮ!»

ዳኛዋን አየሁ። ወለሉን ነው የምታየው። ወንድሜ የልጆቹን ቦርሳ የት እንደማስቀምጥ በዓይኑ እየፈለገ ነው። እጄን አንስቼ ደረቴ ላይ አደረግሁት።

«ኧረ እኔ ምን አድርጌ» አልኩ።

ሙጬ በሳቅ ፈነዳ። «ልክ እንደ ፋርማሲስቷ!» አለ፤ ቀሚሴን ለቀቀና ለአባቱ ሊያስመስልለት ሮጠ።